የመዳመጫው በር

በአንድ ወቅት፣ ጥጥ በሚበቅልበት ቆላ፣ አንድ የጥጥ መዳመጫ ፋብሪካ ነበር። የዚያ ከተማ ሰው ከቀብር አይቀርም፤ የእድሩ ጥሩምባ ከተነፋ ሥራ ይፈታል። በዚህ የተማረሩት የፋብሪካው አለቆች መላ ዘየዱ፤ ጥሩምባ በተነፋ ቁጥር ሠራተኛው እንዳይወጣ የፋብሪካው የብረት በር ከውጭ ይቆለፍ አሉ። መላ ካሉት መላ ነው።

አንድ ቀን ጥሩምባ ተነፋ። ዘበኛው ወንዳፍራሽ እንደታዘዘው ቆልፎ ቆመ። ኋላ እድሩ ሰው ልኮ ቢያስጠራው፣ መቅረት ነውር ነውና፣ ቁልፉን ኪሱ ከቶ ሄደ። ገና አፈር ሳይመለስ ከፋብሪካው በኩል ጭስ ታየ። ጥጥ እሳት ከያዘው ፋታ አይሰጥም። ወንዳፍራሽ እየሮጠ ሲደርስ የስንቱ ልጅ ከበሩ ሥር ወድቆ ቀርቷል።

በሙት ዓመቱ እድሩ ለመታሰቢያው ተሰበሰበ። ከቃጠሎው የተረፈው ያ በር ብቻ ነበር።

ወይዘሮ የሺመቤት ከልጃቸው ከዝናሽ መቃብር አጠገብ ጉድጓድ አስቆፍረው መጡ።

«ይቀበር» አሉ። «ልጄ በጥፍሯ የቧጠጠችውን ብረት ለአላፊ አግዳሚ አላሳይም።»

እውነት ለመናገር፣ አንጀት ይበላሉ።

በያጁ ኩራባቸው ግን አደባባዩ ላይ ማቆሚያውን ተክሎ ጨርሷል። ያን ዕለት ግድግዳውን በዲጂኖ ንዶ የቻለውን ያወጣ እሱ ነው፤ የተቃጠሉት ጣቶቹ ዛሬም በቅጡ አይጨብጡም።

«ሁሉም ይየው» አለ። «ከተቀበረማ ነገ ሌላው አለቃ ይቆልፋል።»

«የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» አለ አንዱ።

«ያልፈሰሰውስ?» አለ ኩራባቸው።

መጨረሻ ላይ ወንዳፍራሽ ተነሣ። ጉርምርምታ ሆነ፤ ድንጋይ ያነሣም ነበር። እሱ ሄዶ በሩን ተደግፎ ቆመ።

«የቤቴን በር ነቅዬ ጥያለሁ። ይህን ስጡኝ። ጠዋት ማታ ልክፈተው፤ አንድም ቀን ሳልቆልፈው ልሙት።»

«አታፍርም?» አሉት ወይዘሮ የሺመቤት።

«አፍራለሁ፣ እትዬ። የምለምነውም ለዚሁ ነው።»

ሰው ሁሉ ወደ እድሩ ዳኛ ወደ አቶ ልሳኑ ዞረ። እሳቸው ብድግ አሉ።

«ያን ዕለት ‹ዘበኛው ለምን ቀረ?› ብዬ ሰው የላክሁበት እኔ ነኝ። በምን አፌ ልፍረድ?» ብለው ተቀመጡ።

እንግዲህ ዳኛው አልፈርድም አሉ፤ ሦስቱም ከበሩ አልተነቃነቁም። ፍርዱ ለእናንተ ቀርቷል። በሩ የሚገባው ለማን ነው፦ ልቅበረው ላሉት እናት፣ ይታይ ላለው በያጅ ወይስ ልክፈተው ላለው ዘበኛ?