ራሱን የጠመደው ምንይችል

ተረት ተረት!
አቤት አቤት!
በሉ ጠጋ በሉ። የሚያንቀላፋ ካለ አሁኑኑ ይተኛ፤ ኋላ አልደግምም።

በድሮ ዘመን ምንይችል የሚባል ገበሬ ነበረ። ጥድፊያ ይወዳል፤ ምሳውን እንኳ ቆሞ ነው የሚጎርስ። ያለው በሬ ቦራ ብቻ ነበረ። ጎረቤቱ እትዬ ጥሩዬም ያላቸው አንድ በሬ፣ ዳልቻ ነው። በአንድ በሬ አይታረስምና ሁለቱን አቀናጁ። ምንይችል ሦስት ቀን ለራሱ፣ ሦስት ቀን ለእሳቸው ያርሳል። እሑድ ግን የበሬዎቹ ናት። ደወል ሲደወል ከቤተ ክርስቲያኑ ዋርካ ሥር ሄደው ይተኛሉ።

እትዬ ጥሩዬም፦ «እሑድ ብትጠምዳቸው ዳልቻን አታየውም!» አሉት።
እሱም፦ «ኧረ ምን በወጣኝ!» ብሎ ማለ።

የዘር ጊዜ ደረሰና እንቅልፍ አጣ። አንድ እሑድ ሰው ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድ፣ በሬዎቹን ከጉብታው ጀርባ ጠመደ። አንድ ትልም፣ ሁለት ትልም። ከዚያም ደወሉ ተደወለና ዳልቻ ትልሙ ላይ ዘርፈጥ አለ። ቢለምነው፣ ቢገፋው፣ ወይ ፍንክች!
ምንይችልም፦ «ቅር! እኔ አለሁ!» አለና ዳልቻን ፈትቶ የራሱን አንገት ከቀንበሩ አሰረ። አይ ጉድ!

ቦራ ግን ደወሉን ሰምቷል። ቁልቁል ፈረጠጠ። ምንይችልም አብሮ ፈረጠጠ፤ ምን ያድርግ፣ ታስሯል! «ኧረ በእመቤቴ! ኧረ ቀስ!» እያለ ሰው ከሞላበት ዋርካ ሥር ከች አሉ። ቦራ ተኛ። እሱም ተኛ፤ ቀንበሩ ነዋ!

ሕዝቡ በሳቅ ፍርስ አለ። እትዬ ጥሩዬ ግን አልሳቁም። ምንይችል ከነቀንበሩ ቀና ብሎ አያቸው። ዳልቻ ከሄደበት መሬቱ ጦሙን ማደሩ ነው፤ ልጆቹም እንዲሁ።
«እትዬ፣ ዳልቻን ሊወስዱብኝ ነው?»
እሳቸውም ጎንበስ ብለው አዩትና፦ «አንገትህ ተላጠ?»
«ተላጠ፣ እትዬ።»
«ያቃጥላል?»
«እንዴት አያቃጥል!»
«ዳልቻም ስድስት ቀን እንዲሁ ነው። አልወስድብህም። ግን እሑዳቸውን ወስደሃልና ሰኞህን ስጣቸው። እነሱ ይተኙ፤ አንተ ሣር አጭደህ አብላ።»

ሰኞ ሣር ሲሸከም ዋለ። ማክሰኞ በሬዎቹ እየተሽቀዳደሙ አረሱለትና ዘሩ በጊዜው ተዘራ። ከዚያ ወዲያ እሑድ ደወል ሲደወል፣ ዋርካው ሥር ቀድሞ የሚጋደመው ማን መሰላችሁ? እሱ ራሱ፣ አንገቱን እያሻሸ!

ተረቴ አለቀ። በሉ ምላሴ ይረፍ፣ ጥርሴ ይሥራ፤ ያንን ቂጣ ወዲህ በሉ!