ለአንድ ሰው የመጣው መድኃኒት

በአንድ ወቅት ከወንዝ ማዶ ባለች ትንሽ ከተማ ወይዘሮ የውብዳር የምትባል፣ ያላትን ሳታካፍል እንቅልፍ የማይወስዳት ሴት ነበረች። ባሏ ደምሰው እግሩን መጥረቢያ አግኝቶት ቁስሉ መግል ያዘ፤ ጤና ጣቢያው የዐሥር ቀን ክኒን ሰጠው። በአምስተኛው ቀን ቁስሉ ደረቀ። ጎረቤቷ ትርንጎ ደግሞ አራስ ናት፤ ጡቷ አብጦ ታቃስታለች። የውብዳርም «እግዜር ይማርሽ» ብላ የተረፈውን ክኒን ወሰደችላት። ተሻላት።

ወር ሳይሞላ ሁለቱም አገረሸባቸው። ቁስላቸውን ያጠበችውን ነርስ፣ ሲስተር ፀዳለንም፣ በሽታው በተላጠ ጣቷ በኩል ያዛት። ያ ክኒን ግን አሁን ለማናቸውም እንደ ውሃ ሆነ፤ አልሠራም።

የጤና ጣቢያው ኃላፊ የውብዳርን አስጠራት።

«እትዬ፣ በሽታውን ያመጣችው ተህዋሲ ራሷን የምትሠራበት ወፍጮ አላት፤ ራይቦዞም ይሉታል። መድኃኒቱ እዚያ ላይ ተቀምጦ ያስቆማት ነበር። አሁን ኢንዛይም የሚባሉ ሠራተኞቿ መቀመጫው ላይ ቅንጣት ምልክት ለጥፈዋል፤ መድኃኒቱ ቢሄድም ቦታ ያጣል። የእነዚህ ሠራተኞች ዓይነትም ብዙ ነው።»

«ከየት መጡባት?»

«ከጎረቤት ተህዋሲ። ግማሽ መድኃኒት ደካሞቹን ገድሎ ብርቱዎቹን ይተዋል። እነሱ ደግሞ ያላቸውን ያካፍላሉ፤ እንደ እርስዎ።»

የውብዳር በነጠላዋ ጫፍ አፏን ያዘች።

«ሌላ መድኃኒት መጥቷል፤ ለአንድ ሰው ብቻ፣ በባልዎ ስም። ቀጣዩ እስኪደርስ ሁለት ሳምንት ነው፤ ያላገኘ እስከዚያ ላይቆይ ይችላል። እርስዎና ባልዎ ለሌላ ይሁን ካላችሁ እሰጣለሁ። ከተከፈለ ግን ሦስቱም ያልቃሉ። ነገ ጠዋት ይንገሩኝ።»

ቤት ገብታ ስትነግረው ደምሰው በትኩሳት ይነድዳል። «የውቤ፣ ያኔ የመድኃኒቴን ግማሽ ሰጠሽብኝ። ዛሬ ደግሞ ሙሉውን?» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሠላሳ ዓመት አንድ ማዕድ ቆርሰዋል።

ትርንጎ ሕፃኗን በደህናው ጡቷ በኩል አቅፋለች። «እኔ ለምኜሽ ነበር? ራስሽ አይደለሽ ያመጣሽልኝ?» ሕፃኑ ገና ክርስትና አልተነሣም።

የፀዳለ ክንድ እስከ ብብቷ ቀልቷል። «እኔ ከተነሣሁ ሁለቱን አስታምማለሁ። ከወደቅሁስ፣ እትዬ፣ ማን ያጥብልዎታል?» በከተማዋ ሌላ ነርስ የለም።

የውብዳር ከእመቤታችን ሥዕል ፊት ቆመች። «ማሪልኝ» ልትል ጀምራ ስም መጥራት አቃታት።

ሲነጋ ኃላፊው የመድኃኒቱን ብልቃጥ ይዞ ደጇ ቆመ።

«እህሳ፣ እትዬ?»

እናንተ የሰማችሁ፣ ፍረዱ፦ ስሙ ለተጻፈበት ነው፣ ሳትለምን ለተሰጣት ነው፣ ወይስ ሁለቱን ስታጥብ ለተያዘችው? ብልቃጡ የሚገባው ለማን ነው?