የአበጋዝ እንግሊዝኛ

ከሸዋ ሮቢት በታች ባለው የጨፌ ውሃ ቆላ፣ ሁለት ሰዎች ተቀያይመው ሽማግሌ ፊት ሲቀርቡ፣ አንዱ «እንዲህ ብሎኛል» ሌላው «እኔ እንዲያ አልወጣኝም» እየተባባሉ ሲካረሩ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ጉሮሮውን ጠርጎ ስለ ማንጎ ማንሳቱ አይቀርም። እንግዳ ሰው ከተገኘ ግራ ይገባዋል፤ በሰው ጠብ መሀል ፍራፍሬ ምን ጥልቅ አደረገው ይላል። አባባሉ ግን ከሜዳ አልተለቀመም። የወጣው ከአበጋዝ ጓሮ ነው።

አበጋዝ ክፉ ሰው አልነበረም። ጎረቤት ሲታመም ቃሬዛውን ቀድሞ የሚያነሳ፣ የሰው ከብት ማሳው ገብቶ ቢያገኝ እንኳ ሳይመታ ወደ ጌታው የሚነዳ ሰው ነበር። አንድ አመል ብቻ ነበረበት፤ ማንንም አያምንም። ሰላም ያለውን ሰው ምን ፈልጎ ሰላም እንዳለው ሳያወጣ ሳያወርድ አይመልስለትም። ዝናብ እንኳ ያለ ወቅቱ ከጣለ «ይሄ ደግሞ ምን አስቦ ነው?» ይላል እየተባለ ይቀለድበት ነበር።

አመሉ ግን ያለ ምክንያት አልመጣም። ጎረምሳ ሳለ ከወንዙ ማዶ የጥጥ እርሻ ሊቋቋም ሰዎች መጡ። ትሑት ሰዎች ነበሩ። ሜትር ይዘው ወዲያ ወዲህ አሉ፤ እናቱ ያቀረበችላቸውን ወተት ጠጥተው፣ ፈገግ ብለው፣ አመስግነው ሄዱ። በዓመቱ ትራክተር መጣ። አባቱ በርበሬ ይተክልበት የነበረው ማሳ ጥጥ ሆነ፤ አበጋዝም በገዛ አባቱ መሬት ላይ የቀን ሠራተኛ ሆኖ ገባ። እንግሊዝኛውን ያገኘው እዚያ ነው። የእርሻው አለቃ ፈረንጅ ነበር፤ ጠዋት ጠዋት በሩ ላይ ቆሞ ከሰልፈኛው የሚፈልገውን ያስገባል፣ ያልፈለገውን በጣቱ እየጠቆመ «ዩ! ማን! ጎ!» ይለዋል። የተጠቆመበት ሰው አንገቱን ደፍቶ ወደመጣበት ይመለሳል። አንድ ቀን ጣቱ አበጋዝ ላይ አረፈ።

ከዚያ እርሻ ይዞት የወጣው ያንኑ ቋንቋ ነው። ዩ ማለት አንተ፣ ማን ማለት ሰው፣ ጎ ማለት ሂድ፣ ዋተር ውሃ፣ ጉድ ጥሩ፣ ኖ እንቢ። በመንደሩ ከዚህ በላይ የሚያውቅ ስላልነበረ እንግሊዝኛ አዋቂ ተባለ። በሬዲዮ ፈረንጅ ሲናገር ሰዎች ይጠሩታል። እሱም ጆሮውን ቀስሮ ጥቂት ይቆይና «እያስጠነቀቀ ነው» ይላቸዋል። ስለ ምን እንደሚያስጠነቅቅ ግን አይነግራቸውም።

ሚስቱ ትብለጥ በአመል አትመስለውም፤ ከሰው ቶሎ የምትለመድ ናት። የመጀመሪያ ልጃቸውን በወለደች ዓመት ከጓሮዋ፣ ወደ ወንዙ በኩል፣ አንድ የማንጎ ፍሬ ቀበረች። ልጅቱን ኩፍኝ ወሰዳት፤ ማንጎው ግን አደገ። ትብለጥ ስለ ልጅቱ ለሰው አታወራም፤ ዛፉን ግን «እሷ» ትለዋለች። «እሷ ዘንድሮ አብባለች» ትላለች፤ «ቆይ እሷን ውሃ ላጠጣ» ትላለች። ኋላ በቆላው ላይ በሽታ ገባ፤ የሰው ሁሉ ማንጎ ቅጠሉ ነጫጭ ነጠብጣብ እያወጣ፣ ፍሬው ሳይበስል እየረገፈ መከራ ሲያይ፣ የትብለጥ ዛፍ ብቻ አንድ ነጥብ ሳይነካት ቆመች። ጎረቤቶች እየመጡ ምስጢሩን ይጠይቋታል። አበጋዝ ደግሞ ለምን እንደጠየቁ ይጠይቃል።

እንዲህ እያለ አንድ ረፋድ ከወንዙ በኩል መኪና ሲያጓራ ተሰማ፤ አሸዋ ውጦት ነበር። አበጋዝ ዱላውን ይዞ ወደ ጓሮ ሲዞር፣ ባርኔጣ ያደረገች ፈረንጅ ሴት ብቻዋን ከዛፉ ሥር ቆማለች። ቅጠል ቀነጠበች፤ ወደ ፀሐይ ይዛ ገልብጣ አየችው፤ በላስቲክ ከረጢት ከተተችው። ከዚያ ከኪሷ ሜትር አውጥታ የዛፉን ግንድ ትለካ ጀመር።

ሜትሩን ሲያይ አበጋዝ ዱላውን ጨበጥ አደረገ።

ሴትየዋ ዞር ስትል አየችውና ፈገግ አለች። ያንን ፈገግታ ያውቀዋል። ጣቷን ወደ እሱ ዘረጋች።

«ዩ?» አለች፤ ጣቷን ወደ ዛፉ መለስ አድርጋ፣ «ማንጎ?»

አበጋዝ ጆሮውን አላመነም። ሴትየዋ አልሰማኝም ብላ ነው መሰል፣ አሁን ደግሞ ወደ ወንዙ ቁልቁል እያመለከተች «ማንጎ? ማንጎ?» አለችው። መውጫውን ጭምር አሳየችኝ አለ በልቡ።

«ኖ!» ብሎ ዱላውን መሬት ላይ ተከለ። «ማን ኖ ጎ!»

ሴትየዋ ግንባሯን ቋጠር አድርጋ አሰበች። ከዚያ ሳቀች፤ ከራሷ በላይ የተንዠረገገውን ጥሬ ፍሬ እያሳየች «የስ! ማንጎ! ቬሪ ጉድ ማንጎ!» አለች።

በዚህ መሀል ትብለጥ ደረሰች፤ ጩኸት የሰሙ ጎረቤቶችም ተከተሉ። ሰፈሩን በሽምግልና የሚመሩት ሐጂ ጦይብ ሳይቀሩ ምርኩዛቸውን ይዘው መጡ።

«ምን አለችህ?» አለች ትብለጥ።

«አንተ ሰውዬ፣ ሂድ አለችኝ። እንቢ ስላት ደግሞ በጥሩው ሂድ አለችኝ። በጥሩው ካልሄድክ በመጥፎው ነው ማለቷ ነው።»

«ኧረ ተው! ዛፉን እያሳየች እኮ ነው። ማንጎ፣ ማንጎ ነው የምትለው። እኔም ሰምቻታለሁ።»

«አንቺ ምን ታውቂያለሽ!» አበጋዝ ወደተሰበሰበው ሰው ዞረ። «ማንጎ የማን ቋንቋ ነው? የእኛ አይደለም እንዴ? ሰውን ማን፣ ውሃን ዋተር የሚል ፈረንጅ፣ ማንጎ ላይ ሲደርስ ብቻ በእኛ አፍ ይናገራል? የእናንተን ቤት ጎጆ ሲል ሰምታችሁታል? በሬያችሁን በሬ ሲል ሰምታችሁታል?»

ሰው እርስ በርሱ ተያየ። እውነትም፣ ሲያስቡት፣ ፈረንጅ በአማርኛ ፍሬ አይጠራም። አንዱ ራሱን ነቀነቀ፤ ሌላው ተከተለ። ሴትየዋ ሰው በበዛ ቁጥር ደስ እያላት ለሁሉም እየጠቆመች «ማንጎ፣ ማንጎ» ስትል፣ ወደ ኋላ ሸሸት ያሉም ነበሩ። ሁላችሁም ሂዱ ያለች መስሏቸው ነው።

ቆይቶ ወንድይፍራው የሚባል ወጣት የግብርና ባለሙያ፣ መኪናውን ሲገፋ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ሆኖ እያለከለከ ደረሰ። አስተርጓሚዋ እሱ ነበር። ሁሉንም ሰላም ብሎ ያስረዳ ጀመር፤ ሴትየዋ የዕፅዋት ተመራማሪ ናት፤ በሽታው ያልነካው ዛፍ ስትፈልግ ቆላውን ስትዞር ከርማለች፤ ከዚህች ዛፍ ቅርንጫፍ ተወስዶ በሌላ ችግኝ ላይ ቢዳቀል የአካባቢው ማንጎ ሊድን ይችላል።

አበጋዝ አንገቱን ዘንበል አድርጎ አዳመጠው። አለሳልሶ የሚናገር ልጅ ነው። የወተቱ ጊዜም እንዲህ የሚያለሳልስ አስተርጓሚ ነበራቸው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ ልጄ» አለው። «በእንግሊዝኛ ማን ማለት ምንድን ነው?»

«ሰው ማለት ነው አባቴ። ወንድ ሰው።»

«ጎስ?»

«ሂድ።»

«ከራሱ አፍ ሰማችሁ!» አበጋዝ ዱላውን ወደ ላይ አነሳ። «ከራሱ አፍ!»

ወንድይፍራው «የለም፣ የለም አባቴ፣ ይሄ እኮ አንድ ቃል ነው፤ አይከፈልም» እያለ ቢለፋ ማን ይስማው። ጫጫታው በረታ። ትብለጥ ብቻ ለሴትየዋ በጣሳ ውሃ አቀረበችላት፤ ሴትየዋም ጠጥታ እጇን ደረቷ ላይ አድርጋ አመሰገነች። አበጋዝ አጠጣጧን ሳይቀር አየ።

በመጨረሻ ወንድይፍራው ተስፋ ቆርጦ «እሺ፣ ሰሞኑን ከቀበሌ ሰው ጋር መጥተን በደንብ እናስረዳችኋለን። ለዛፏም ከብት እንዳይነካት አጥር እናጥርላታለን» ብሎ ሴትየዋን ይዟት ሄደ።

አጥር! በሰው ጓሮ ውስጥ አጥር የሚያጥር ባለቤት ካልሆነ ማን ነው?

«ቀበሌውስ የእኛው ልጆች አይደሉ?» አሉ ሐጂ ጦይብ። «ሲመጡ ቁጭ ብለን እንሰማቸዋለን።»

«የጥጡም ጊዜ እንሰማቸዋለን ብለን ነበር፣ ሐጂ።»

ከዚያ በኋላ አበጋዝ እህል አልወርድለት አለ። ቅጠሏን ለምን ወሰደች? ለማስረጃ ይሆናል። ግንዷን ለምን ለካች? ማር ልግዛ ብሎ የመጣ መንገደኛ ዓይኑን ወደ ጓሮ ጣል ቢያደርግ አባርሮ መለሰው። ትብለጥን እንኳ በጎን ያያት ጀመር፤ ያንን ውሃ ያቀረበችው ለምንድን ነው?

ቅዳሜ ትብለጥ ገበያ ወረደች። አበጋዝ ብቻውን ከዛፏ ሥር ተቀምጦ ሲያወጣ ሲያወርድ ቆየ። የመጡት ዛፏን ብለው ነው። ዛፏ ከሌለች ምን ብለው ይመጣሉ? ምኑን ያጥራሉ? ተነስቶ መጥረቢያውን አመጣ።

የመጀመሪያውን ሲመታ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጣና እጁ ላይ ተረጨ። ቆም አለ። ትብለጥ «እሷ» የምትለው ትዝ አለውና መጥረቢያውን ዝቅ አደረገ፤ ምናልባትም በዚያው ይተወው ነበር። ግን ከሩቅ፣ ከዋናው መንገድ በኩል፣ የሞተር ድምፅ ሰማ። መጡ አለ። የገበያ ሰው የጫነ አይሱዙ ነበር፤ እሱ ግን ይሄን መቼ አጣርቶ። በሁለት እጁ ይዞ ይወርድባት ጀመር። ጥሬው ፍሬ እየዘነበ ጀርባውን ሲመታው እንኳ አላቆመም።

ትብለጥ ስትመለስ ከሩቅ ሰማይ አየች፤ ቅጠል ታይበት በነበረው ቦታ ባዶ ሰማይ። የተሸከመችውን አውርዳ ቀስ ብላ ወደ ጓሮ ሄደች። አበጋዝ ከጉቶው አጠገብ ላቡን እየጠረገ ነው።

«መሬቱን አዳንኩት» አላት።

«መሬት ጠየቅሁህ?»

 ጎንበስ ብላ ከረገፈው ጥሬ ፍሬ በነጠላዋ የምትችለውን ያህል ለቀመች፤ ቋጠረችና ወደ ወንድሟ ቤት ሄደች። አበጋዝ ትጮሃለች፣ ትረግመኛለች ብሎ ተዘጋጅቶ ነበር። እሷ ግን ዞር ብላ እንኳ አላየችውም።

መኪናው የመጣው ከቀናት በኋላ ነው። ወንድይፍራው፣ የቀበሌው ሊቀመንበርና ሴትየዋ ወረዱ። ከኋላ የሽቦ ጥቅልልና የችግኝ ከረጢቶች ተጭነዋል። አበጋዝ ዱላውን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ሴትየዋ ግን ወደ እሱ አላየችም። በአጠገቡ አልፋ ወደ ጓሮ ሄደች፤ እሱም ተከተላት። ጉቶው ዘንድ ስትደርስ ባርኔጣዋን አወለቀች። የደረቀውን ቅርንጫፍ በእጇ ነካች፤ ቅጠሉ እፍኟ ውስጥ ተፈረካከሰ። መሬት ላይ ተቀመጠችና በቀስታ፣ ለማንም ሳይሆን፣ «ማንጎ» አለች።

አበጋዝ ዙሪያውን አየ። ጣቷን የጠቆመችበት ሰው የለም። የምታባርረው ሰው የለም። ሴትየዋ ከጉቶው ጋር ነው የምታወራው፤ ጉቶ ደግሞ የት ይሄዳል? ዱላውን ተደግፎ ቆመ።

«እነሱም ማንጎ ነው የሚሉት?» አለው ወንድይፍራውን።

«እነሱም ማንጎ ነው የሚሉት፣ አባቴ። ፍሬው ከህንድ በኩል በየአገሩ ሲዞር ስሙንም ይዞ ነው የዞረው። የእኛም የእነሱም ቃል አይደለም።»

«ይሄ ቅርንጫፍስ?»

«ደርቋል። በእርጥቡ ብንደርስ ኖሮ…» አለና ተወው።

ሽቦውንም ችግኙንም እንደጫኑ ሄዱ። ሴትየዋ ሌላ ዛፍ ፍለጋ ወደ ታችኛው ቆላ ወረደች አሉ፤ ታግኝ አታግኝ የሰማ የለም። በዚያ ዓመትና ከዚያ በኋላ ባሉት ዓመታት በጨፌ ውሃ ከረጢት የሚሞላ ማንጎ አልተለቀመም።

ትብለጥን ለማስታረቅ ሽማግሌዎች ሐጂ ጦይብ ቤት ተቀመጡ። እሷ የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከእንግዲህ በጓሮዋ ያለውን ነገር ሳይጠይቃት እንዳይነካ። አበጋዝ ምሎ ተቀበለ፤ እግሯ ላይ ሊወድቅ ሲል ወንድሟ ያዘው። እሷም በዚያው ቀን ወደ ቤቷ ተመለሰች፤ ጉቶውን ውሃ ማጠጣት ጀመረች፣ በክረምቱም ከጎኑ ቀይ ለጋ ቅጠል አወጣላት ይላሉ።

ያን ዕለት ግን ተመርቀው ሊነሱ ሲሉ፣ አበጋዝ አላስችል ብሎት ቀና አለ።

«አጥፍቻለሁ፤ አላስተባብልም» አለ። «ግን እናንተው ፍረዱ። ማን ሰው አይደለም? ጎስ ሂድ አይደለም? ልጁ ራሱ አልመሰከረም? እኔ የሰማሁት የሌለ ነገር ነው?»

ትብለጥ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። ሽማግሌዎቹ እርስ በርስ ተያዩ፤ ሐጂ ጦይብ ምርኩዛቸውን ይዘው ብድግ አሉና፣ «ቃሉንስ ልክ ነህ፣ አበጋዝ» አሉት፤ «ግን ምን ይደረግ፣ ለጠረጠረ ጆሮ፣ ማንጎም ‹ሂድ› ነው ዞሮ ዞሮ።»