ሣር ውስጥ ያለው ጅራት

ተረት ተረት ስላችሁ «የላም በረት» ብላችሁ ብቻ ዝም አትበሉ፤ ዓይናችሁንም ግለጡ።

አንዲት አሮጊት ጦጣ ልጆቿን ገደል አፋፍ ላይ ሰበሰበች። ከተቃጠለ ግንድ ከሰል ሰባብራ አደለቻቸውና፣ «ከታች ወንዙ ዳር ነብር አድብቷል። እያያችሁ እዚህ ድንጋይ ላይ ሳሉት» አለቻቸው።

ጉረኛው ልጇ ቀና እንኳ ሳይል ጥርሱን ያገጠጠ ነብር ሳለ። ወንድሞቹ አፋቸውን ከፍተው አደነቁት። ትንሿ ልጇ ግን ወደ ወንዙ ስታይ ስታይ ቆይታ ሣር ሳለች፤ በሣሩ መሃል አንዲት የጅራት ጫፍ።

«አንቺ፣ ነብሩን ምን በላው?» ብሎ ጉረኛው ሳቀባት።

«እኔ ያየሁት ይቺን ነው» አለች።

እናትየው ዞር ብላ፣ «ያንተንስ ማን አሳየህ?» አለችው።

«ነብርን ማን ያጣዋል እቴ፤ ሁሉም የሚያወራው ነው» አለ። ጆሮውን ዓይን አድርጎት አረፈ።

በማግስቱ ውሃ ሊጠጡ ወረዱ። ትንሿ ሣሩን አየችና «ጅራቱ ያውና» ብላ ዛፍ ላይ ወጣች። ሌሎቹም ተከተሏት። ጉረኛው ግን፣ «ጥርሱን ሳላይ ከጅራት አልሸሽም» ብሎ ቆመ።

ኋላ ጥርሱን አየ።

እናትየው ሲመሻሽ ወደ ድንጋዩ ተመለሰች። ያንን ያማረ ነብር ልታጠፋው እጇን ዘረጋች፤ የልጇ እጅ የሳለው ነውና መልሳ ሰበሰበችው። ሲነጋ የተረፉትን ልጆቿን እዚያው አምጥታ ጀርባቸውን ለሥዕሉ፣ ፊታቸውን ለወንዙ አድርጋ አስቀመጠቻቸው።

ተረቴን መልሱልኝ። ዳቦውን እናንተው ብሉት፤ አፌን ራሴ አብሳለሁ።