የይርዳው ልጅ ክርስትና እናት

በአንድ ወቅት፣ ወሬ ከአፍ ወደ ጆሮ መሄዱን ትቶ ከስልክ ወደ ስልክ መሮጥ በጀመረበት ዘመን፣ ሸንበቆ በምትባል የአስፋልት ዳር ከተማ ሦስት ሴቶች በአንድ ቤት ይኖሩ ነበር፤ አያት፣ እናትና ልጅ።

አያቲቱ እማማ ተዋበች ሬዲዮን ያምኑ ነበር። ባለቤታቸው በታሰሩበት ዘመን የምሕረቱን አዋጅ የሰሙት በሬዲዮ ነው፤ ብዙ ሳይቆይም ባለቤታቸው መጥተው በሩን አንኳኩ። ከዚያ ወዲህ ሬዲዮ ያልተናገረውን ነገር እንደ ሆነ አይቆጥሩትም።

ልጃቸው የሺመቤት ሬዲዮንም ሰውንም አታምንም። ወጣት ሳለች፣ እጮኛዋ የዘመተበት ጦር ድል አደረገ ተብሎ በሬዲዮ ሲነገር ከጎረቤት ጋር እልል ብላ ነበር። እጮኛዋ ግን ያን ጊዜ ከተቀበረ ሰንብቷል። ከዚያ በኋላ በዐይኗ ያላየችውን፣ በእጇ ያልነካችውን አትቀበልም።

የልጅ ልጃቸው ኤፍራታ ደግሞ ስልኳን ታምናለች። ወንዙ ሞልቶ ሰፈሩን ባጥለቀለቀ ጊዜ ሰዉን ቀስቅሶ ያስወጣው በስልክ የተላለፈ መልእክት ነበር። ሬዲዮው የተናገረው ውሃው ከጎደለ በኋላ ነው።

አንድ ቅዳሜ ጠዋት ኤፍራታ ስልኳን ይዛ ከክፍሏ ወጣች።

«ሕፃን ሰርቆ በነጭ ሚኒባስ ወደዚህ እየመጣ ያለ ሰው አለ! እናትየዋ ስታለቅስ ፎቶዋ ይኸው!»

«ሬዲዮ አልተናገረም» አሉ እማማ ተዋበች።

«ማን አየ?» አለች የሺመቤት።

«እስክናጣራ ሕፃኑ ቢወሰድስ?» አለች ኤፍራታ፤ መልእክቱንም ለከተማው ወጣቶች ግሩፕ ላከችው።

ረፋዱ ላይ አንድ ነጭ ሚኒባስ መናኸሪያ ገባ። ከተሳፋሪዎቹ መካከል ይርዳው የሚባል ገበሬ ነበር፤ ጨቅላ ልጁን በጋቢ ጠቅልሎ ታቅፏል። ሚስቱ አስካለ ከወለደች ጀምሮ ታማ በሚቀጥለው ከተማ ሆስፒታል ተኝታለች። እኅቱ ዘንድ የቀረችው ሕፃን ደግሞ ትኩሳት ይዟት ስላደረች ወደዚያው ሊወስዳት ነው። መኪና ሊቀይር ሲወርድ አንድ ጎረምሳ «ያውና!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ተከበበ።

«ልጄ ናት!» አለ ይርዳው።

«እናቷስ የታለች?»

የሚመልሰውን የሚሰማው አልነበረም። ጩኸቱ ከመናኸሪያው ጀርባ ያለው ቤት ደረሰና ሦስቱም ሴቶች ወጡ።

እማማ ተዋበች ሕዝቡን ሰንጥቀው ገቡ፤ ነጠላቸውን ከይርዳው ፊት አንጥፈው መሬት ላይ ተቀመጡ።

«ሬዲዮ ባልተናገረው ወሬ ሰው ልትገድሉ ነው? መጀመሪያ እኔን ርገጡ!»

ከፊት ያሉት ወጣቶች እሳቸው አዝለው ያሳደጓቸው ናቸው። አፈሩና ወደኋላ አሉ።

የሺመቤት ሕፃኗን ዳሰሰቻት። እሳት ሆናለች፤ ማልቀስ እንኳ ትታለች።

«አባትም ሁን ሌባ አላውቅም» አለችው። «ይቺ ልጅ ግን ሐኪም ያስፈልጋታል። እናቷ የት ነው የተኛችው?»

«ሆስፒታል፣ ሴቶች ክፍል። አስካለ በይ።»

ልጅቱን ከእቅፉ ወሰደችና ባጃጅ ውስጥ ገብታ ሄደች። ሐኪሙ ኋላ እንደተናገረው፣ ትንሽ ብትዘገይ ኖሮ ሕፃኗ አትተርፍም ነበር። ሕዝቡ ግን ያየው ሌላ ነው። «አስጣለችው! እውነት ነው ማለት ነው!» አለ። ሕፃን በታቀፈ ሰው ላይ ድንጋይ መወርወር የከበደው ሁሉ አሁን ቀለለው። አንዱ ድንጋይ የይርዳውን ግራ ዐይን አጠፋ። ሌላው የእማማ ተዋበችን ክንድ ሰበረ፤ እሳቸው ግን ከተቀመጡበት አልተነሡም።

ኤፍራታ ጠዋት የላከችውን ፎቶ ከፈተችው። አጉልታ ስታየው ከምታለቅሰው ሴት ኋላ የቆመው የፖሊስ መኪና የሌላ አገር ነው። ኢንተርኔት ላይ ፈለገችው፤ ፎቶው ከዓመታት በፊት በሌላ አገር የተነሣ ነበር። ሚኒባሱ ጣራ ላይ ወጣች።

«ውሸት ነው!» ብላ ጮኸች። «ፎቶው የኛ አገር አይደለም፣ ከፍታችሁ እዩት! ሳላጣራ የላክሁላችሁ እኔ ነኝ! ሰው መምታት ካለባችሁ እኔን ምቱ!»

አንዱ ስልኩን አወጣ፣ ሌላውም አየ። ድንጋዮቹ አንድ በአንድ መሬት ወደቁ። ፖሊስ ሲደርስ ግማሹ ሰው ተበትኖ ነበር።

ያን ዕለት ማታ የአካባቢው ሬዲዮ «በሸንበቆ ሕፃን የሰረቀ ተጠርጣሪ በሕዝብ ትብብር ተያዘ» ሲል ተናገረ። እርማቱ የመጣው ቆይቶ ነው።

ሕፃኗ ዳነች፤ አስካለም ተሻላት። ክርስትና የምትነሣበት ቀን ሲቃረብ ባልና ሚስቱ ልጃቸውን ይዘው ወደ ሦስቱ ሴቶች ቤት መጡ።

«ክርስትና እናቷ ከዚህ ቤት እንድትሆን ቆርጠናል» አለ ይርዳው። «የቷ ትሁን በሚለው ነው ያልተስማማነው። እኔ እማማ ይሁኑ እላለሁ። ዛሬ ቆሜ የምሄደው እሳቸው ስለተቀመጡልኝ ነው።»

«እኔ ደግሞ የሺመቤት እላለሁ» አለች አስካለ። «ልጄን በሕይወት እጄ ላይ ያኖረችልኝ እሷ ናት።»

እማማ ተዋበች የተሰበረ ክንዳቸውን ደገፉ። «እኔ የተቀመጥኩት ሬዲዮ ዝም ስላለ ነው» አሉ። «የማታውን ወሬ ጠዋት ሰምቼው ቢሆን ከቤቴም አልወጣ ነበር። ሕዝቡን ያስቆመችው ኤፍራታ ናት፤ እሷ ትሁን።»

«እሳቱን የለኮስኩት እኔ ነኝ፣ አያቴ» አለች ኤፍራታ፤ ማልቀስ ጀመረች። «እማ ትሁን።»

የሺመቤት የይርዳውን ዐይን ማየት አልቻለችም። «አምኜው እሱንም ይዤው ብሄድ ኖሮ ዐይኑ ባልጠፋ» አለች። «እኔ አልችልም። እማዬ ይሁኑ።»

ክርስትና እናት የምትሆነው አንዲት ብቻ ናት፤ ቄሱም ስሟን እየጠበቁ ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ፤ ልጅቱን የምታቅፋት ማን ትሁን?