ከትርንጎ ጋር ማን ይሂድ?

በአንድ ወቅት፣ ሩቅ እንዳይመስላችሁ፣ እኛው በምናውቀው ዘመን፣ ወልድያ ውስጥ የሺመቤት የምትባል ሴት ነበረች። ትርንጎ የምትባል የአራት ዓመት ልጅ አለቻት። ትርንጎ ስሟን ሲጠሯት ዞር አትልም፣ የሰው ዓይን አታይም፣ አንዲት ቃል ከአፏ አይወጣም። ቆርኪ ከሰጧት ግን በመስመር ስትደረድር ትውላለች።

ጎረቤቱ «ቡዳ በልቷት ነው» አለ። የሺመቤትም አመነች፤ ጭንቅ የያዛት እናት ምን የማታምነው አለ! ጠበል ወስዳ፣ ልጅቷ እየጮኸችና እየቧጠጠቻት፣ ጥርሷን ነክሳ ውሃው ሥር ያዘቻት። ከዚያ ወዲህ የእናቷ እጅ ወደ ጭንቅላቷ ሲመጣ ትርንጎ ትሸሻለች።  የሺመቤት እንግዳ ሲመጣ ልጅቷን ጓዳ ትደብቃለች፤ ሰው ሲሄድ ቁጭ ብላ ታያታለች። ስታንጎራጉር ርቧት እንደሆነ፣ ጆሮዋን ስትይዝ ሆዷን አሟት እንደሆነ፣ ከእሷ በቀር የሚያውቅ የለም።

አባቷ ምስጋናው ቆርቆሮ ቀጥቅጦ ባልዲና ማንቆርቆሪያ ይሠራል። መዶሻው ቆርቆሮው ላይ ባረፈ ቁጥር ትርንጎ ራሷን ከግድግዳ ጋር ታጋጫለች። አንድ ጠዋት መዶሻውን ለጓደኛው ሰጠና መናኸሪያ ወርዶ ተሸካሚ ሆነ። «የአባትህን ሙያ?» ሲሉት «ሙያ ልጅ አይሆነኝ» አለ። የሰው ሻንጣ ሲሸከም ውሎ ማታ ደግሞ ልጁን ያዝላል። ትርንጎ እንቅልፍ የሚወስዳት እሱ ጀርባ ላይ ብቻ ነው።

ደብሪቱ የምስጋናው እህት ናት፤ ምላሷ ስለት ነው። ማንንም ሳታስፈቅድ ልጅቷን በጠዋቱ አውቶብስ ደሴ፣ ሐኪም ዘንድ ይዛት ሄደች። የሺመቤት ልጄ ጠፋች ብላ ደረቷን ስትደቃ ዋለች። ደብሪቱ ሲመሽ ተመልሳ፣ «ኦቲዝም ሳይሆን አይቀርም ብለዋል። ቡዳም አይደለም፣ እርግማንም አይደለም» አለች። የሺመቤት በጥፊ አለቻት። ደብሪቱ ጉንጯን ይዛ፣ «ምቺኝ፤ ልጅቷን ግን አትደብቂያት» አለች።

ሰነባብቶ ደሴ፣ እንዲህ ያሉ ልጆች የሚማሩበት ቤት ለትርንጎ ቦታ ተገኘ። ማደሪያ አለው፤ ግን ለልጅቷና ለአንድ ሰው ብቻ። ሐኪሙም «ሰው አይቀያየርባት፣ ትረበሻለች» ብሏል። ሦስቱ ተጨቃጭቀው ተጨቃጭቀው፣ ነገሩን የነፍስ አባታቸው መምሬ ጥዑመልሳን ዘንድ አደረሱት።

«እኔ ሳልኖር በምን ትተኛለች?» አለ ምስጋናው።

«እኔ ባልወስዳት ደሴ የሚባል ነገር ይነሣ ነበር? እውነት ሲነገራት የማትደነግጥ ሰው ታስፈልጋታለች» አለች ደብሪቱ።

የሺመቤት «ቋንቋዋን የማውቅ እኔ ነኝ» ልትል አፏን ከፈተች። የጠበሉ ቀን ጩኸት ጆሮዋ ላይ መጣባትና ተወችው።

«እናቷ ነኝ፤ ሌላ ምን ልበል፣ አባቴ?»

 «ልጅ የእግዜር አደራ ናት። ይህን አደራ የሚችል አንድ ሰው ይነሣ» አሉ መምሬ።

ሦስቱም ብድግ አሉ። ትርንጎ ቀና ብላም አላየቻቸው።

አውቶብሱ ነገ ጠዋት ይነሣል። እንግዲህ ፍረዱ፤ እናንተ በመምሬ ቦታ ብትሆኑ፣ ማንን ከልጅቷ ጋር ታሳፍራላችሁ? የቀሩትን ሁለቱንስ ምን ብላችሁ ወደ ቤት ትመልሷቸዋላችሁ?