የአቶ አለልኝ ስግደት

አንዲት እናት ኮንዶሚኒየም ሁለተኛ ፎቅ ላይ ትኖር ነበር። ከእሷ በላይ የሚኖሩት የብሎኩ ኮሚቴ ሊቀመንበር አቶ አለልኝ ናቸው። እኚህ ሰው ቦርጭ ለማጥፋት ብለው ከሰዓት ከሰዓት ገመድ መዝለል ጀመሩ። እሳቸው በዘለሉ ቁጥር የሴትዮዋ ጣሪያ ይደበደባል፤ በቅርቡ ክርስትና የተነሣው ሕፃኗም ከእንቅልፉ እየባነነ ያለቅሳል። ደጋግማ ወጥታ ብትለምናቸው፣ በሩን እንኳ ሳይከፍቱ "እሺ፣ ይታያል" እያሉ ይመልሷታል።

ፋሲካ ባለፈ በሁለተኛው ሳምንት የነዋሪዎች ስብሰባ ሲደረግ ተነሥታ አቤት አለች። አቶ አለልኝ ገመድ እዘላለሁ ማለቱ አሳፈራቸውና ነጠላቸውን አስተካክለው፣ "የምትሰሚው ስግደት ነው። ለአገር ሰላም እየሰገድኩ ነው! አንቺ የከሰስሽው የእግዚአብሔርን ነገር ነውና አሁኑኑ በሰው ፊት ይቅርታ ጠይቂኝ" አሏት።

ተሰብሳቢው ሁሉ ወደ እሷ ዞረ። ስግደትን ማን ይቃወማል?

እሷም ሕፃኗን እንዳቀፈች ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

"ይቅር ይበሉኝ፣ ጋሼ። እኛማ ጌታ ተነሥቷል፣ በዓለ ሃምሳ እስኪያልፍ ስግደት የለም ተብለን አርፈን ተቀምጠናል። የእርስዎ ንስሐ አባት ግን በዚህ በደስታ ወራት እንኳ ስገድ ያሉዎት፣ ኧረ ምን ዓይነት ኃጢአት ቢናዘዙላቸው ነው? እንዲህ የከበደ መሆኑን ባውቅማ፣ ልጄን እያባበልኩ እጸልይልዎ ነበር እንጂ መች እከስዎት ነበር!"